ከቆንስል ችሎት እስከ ኢሚግሬሽን ወረፋ

ባንኮክ ውስጥ የምኖርበት ጎዳና የተሠራው ፈረንጆች ፈረስ መጋለቢያ አጥተው ጤና ስለነሳቸው ነው፤ ቢያንስ እነሱ ለንጉሡ የነገሩት እንደዚያ ነበር። በ1861 የአውሮፓ ቆንስሎች ተሰብስበው ለንጉሥ ሞንግኩት አቤት አሉ። በአገራችን ሲመሻሽ በሠረገላ ወይም በፈረስ ወጣ ብለን አየር መቀበል ልማዳችን ነው፤ እዚህ ግን ከወንዝና ከቦይ በቀር ደህና መንገድ የለም፣ ቁጭ ብለን ታመምን የሚል ነበር አቤቱታው። ንጉሡ ሰሟቸው። በ1864 ቻሮን ክሩንግ የተባለው ጎዳና ተሠርቶ አለቀ። ዛሬ ፈረስ ቀርቶ ሞተር ሳይክል እንኳ ተሹለክልኮ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ነው። ያኔ ግን ፈረንጅ አቤት ካለ መንገድ ይሠራለት ነበር።

እኔ የደላንታን ኦፓል ይዘው እዚህ ከሰፈሩት ነጋዴዎች አንዱ ነኝ። ድንጋይ የሚሸጥ ሰው ውሎው ሲሎምና ማሄሳክ መንገድ ነው፤ ኪራይ ቀለል የሚለው ግን ከዚያ ወረድ ብሎ በቻሮን ክሩንግ ዳር በተደረደሩት አሮጌ ፎቆች ላይ ነው። ከእኔ በላይ ባለው ክፍል አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። በአገራቸው የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ። ከታች ጆክ የተባለውን የሩዝ ገንፎ የምትሸጠው ሴትዮ “ሉንግ”፣ አጎቴ፣ ትላቸዋለች፣ እኔ ደግሞ ጋሼ። ከኢሚግሬሽን በተመለሱ ቁጥር ፋይላቸውን ጠረጴዛ ላይ እየወረወሩ “ድሮ ለፈረንጅ እንዲህ አልነበረም” ይላሉ። ድሮ እንዴት እንደነበረ ለማወቅ የተነሳሁት ይህን ሲደጋግሙብኝ ነው።

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታዮች በቡድሃ ዘመን ስለሚቆጥሩ ፈረንጁን በ543 ዓመት ይቀድሙታል፣ እኛ ደግሞ ወደ ኋላ እንቀርበታለን። አከራያችን የኪራይ ደረሰኝ ስትሰጠን ጋሼ ዓመቱን ቀንሰው፣ እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀንሼ ነው የምናነበው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ በ1855 ሰር ጆን ባውሪንግ የተባሉት የሆንግ ኮንግ ገዥ ከሲያም ጋር የተዋዋሉት ውል ነው። ሲያም የታይላንድ የድሮ ስሟ ነው። ውሉ የገቢ ዕቃ ቀረጥን 3 በመቶ ላይ ወሰነው። ከቀረጡ የከበደው ግን የፍርዱ ጉዳይ ነበር። የእንግሊዝ ዜጋ ቢሰርቅም ቢገድልም የሲያም ዳኛ አይነካውም፤ የሚዳኘው በራሱ ቆንስል ፊት ነው። ሌሎች የአውሮፓ መንግሥታትና አሜሪካም ተከትለው ተመሳሳይ ውል ተፈራረሙ። አገራችንም ይህን ቀምሳዋለች። በ1908 የፈረንሳዩ መልእክተኛ ክሎቡኮውስኪ ከአፄ ምኒልክ መንግሥት ጋር ያደረገው ውል የውጭ ዜጋን ከአበሻ ዳኛ አውጥቶ ለቆንስሉ የሰጠ ነበር። ስለዚህ የባውሪንግን ውል ሳነብ አዲስ አልሆነብኝም።

በዚያው ውል ውስጥ ስለ መሬት የተጻፈውን አንድ አንቀጽ ለጋሼ አነበብኩላቸው። የእንግሊዝ ዜጋ ከከተማዋ ቅጥር በአራት ማይል ክልል ውስጥ መሬት ለመግዛት አሥር ዓመት መኖር አለበት፣ ወይም ልዩ ፈቃድ ማግኘት። ከዚያ ወጣ ብሎ ግን ከባንኮክ የሃያ አራት ሰዓት ጉዞ እስከሚያደርስ ድረስ ቤትም እርሻም በፈለገ ጊዜ መግዛት ይችላል። ጋሼ የጆኩን ማንኪያ አስቀመጡና “አሥሩን ዓመት ካለፍኩ ቆየሁ፣ መሬቴ የታለ?” አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ በኋላ ይመጣል።

መብቱ እንዲህ የተንበሸበሸ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ በሲያም ሸምግሎ የሚሞት ፈረንጅ ጥቂት ነበር። ኮሌራ አለ፣ ወባ አለ፣ ተቅማጥ አለ። ንጉሥ ሞንግኩት ከውሉ ሁለት ዓመት ቀድመው በ1853 ለፕሮቴስታንቶች በወንዙ ዳር የመቃብር ቦታ ሰጥተዋቸው ነበር። ከእኛ ሰፈር ወደ ደቡብ፣ በዚያው በቻሮን ክሩንግ ላይ ነው። ጋሼ አብሬያቸው እንድሄድ ለምነውኝ ሄድን። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ከወንዙ የሚመጣው እርጥበት ጽሑፉን አንዳንድ ቦታ በልቶታል። ዳን ቢች ብራድሌይ የተባሉት አሜሪካዊ ሚሲዮናዊና ሐኪም እዚያ ተቀብረዋል። በ1835 መጥተው፣ በሲያም የመጀመሪያ የሚባለውን የምዕራባውያን ቀዶ ሕክምና አድርገው፣ በ1844 የአገሪቱን የመጀመሪያ ጋዜጣ አሳትመው፣ የመጀመሪያ ሚስታቸውን እዚሁ ቀብረው፣ በ1873 ሞቱ። ስድሳ ስምንት ዓመት መድረሳቸው ለዚያ ዘመን ብርቅ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ የሄንሪ አላባስተር ሐውልት አለ። ከእንግሊዝ ቆንስላ ወጥተው የንጉሥ ቹላሎንግኮርን አማካሪ የሆኑ ሰው ናቸው፤ በ1884 በአርባዎቹ ዕድሜ ሲሞቱ ሐውልቱን ያሠሩላቸው ንጉሡ ናቸው። ጋሼ ድንጋዮቹ ላይ ያለውን ዕድሜ እየቀነሱ እየደመሩ ሲዞሩ ቆዩና “እኔ እዚህ ካሉት ከሁሉም እበልጣለሁ መሰለኝ” አሉ። ኩራትም ቅሬታም ነበረበት።

ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ አልመለስም ያለ ፈረንጅ ታሪክ ስፈልግ ያገኘሁት ምርጡ ሰው ባንኮክ ሳይሆን በሰሜን፣ ቺያንግ ማይ ነበሩ። ሰሜኑ ያኔ ሌላ ዓለም ነው። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ዳንኤል ማክጊልቫሪ በ1867 መጀመሪያ ከባንኮክ ተነስተው ቺያንግ ማይ ለመድረስ በጀልባ ሦስት ወር ፈጅቶባቸዋል። ባቡሩ እዚያ የደረሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፈረንጆቹን የሳባቸው ቲክ የተባለው እንጨት ነበር። የእንግሊዝ ኩባንያዎች ዛፉን አስቆርጠው በዝሆን ወንዝ ዳር ያስጎትታሉ፤ ክረምት ሲገባ ግንዱ በፒንግ ወንዝ ተንሳፍፎ ይወርዳል፣ ዝናብ ካነሰ አሸዋ ላይ ተኝቶ ለከርሞ ይቆያል። አንድ ግንድ ከጫካ ተነስቶ ባንኮክ እስኪደርስ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በ1898 ስፖርት ክበብ አቋቋሙ፣ ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ደግሞ በዚያው ዓመት የመቃብር መሬት ሰጧቸው። ኳስ መጫወቻና መቃብር በአንድ ዓመት፤ ሰው ሊከርም ሲያስብ የሚያዘጋጀው እነዚህን መሆኑ ነው።

ዊሊያም ዉድ በ1896 የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆነው በእንግሊዝ ቆንስላ ሥራ ሲያም ገቡ። ከፍ እያሉ ሄደው የቺያንግ ማይ ቆንስል ጄኔራል ሆኑ፣ የአገሬው ሴት አገቡ፣ የሲያምን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ ጻፉ። ሥራቸው ዳኝነትም ነበረበት። በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች ክስ የሚቀርበው ለእሳቸው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በቺያንግ ማይ “የእንግሊዝ ዜጋ” ማለት ባመዛኙ ነጭ ሰው አልነበረም። በርማ በእንግሊዝ እጅ ስለነበረች ግንድ የሚቆርጠው በርማዊ፣ በበቅሎ የሚነግደው ሻን፣ ጨርቅ የሚሸጠው ሕንዳዊ ሁሉ በቆንስሉ ጥላ ሥር ነበር። ጥቂት ፈረንጆች ይመቻቸው ተብሎ የተጻፈ ውል የሲያምን ዳኛ ከገዛ ገበያው ላይ ካለው ሕዝብ ከፊሉን አሳጣው። የሲያም መንግሥት ያን ያህል የተንገበገበው በዚህ ነው።

ዉድ በ1931 ጡረታ ወጡ። የእንግሊዝ ሹማምንት ወግ ሻንጣ ሸክፎ ወደ አገር ቤት መመለስ ነው፤ እሳቸው ግን ቺያንግ ማይ ቀሩ። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ የጡረታ ዕድሜ እዚያው ኖረው በ1970 ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ አረፉ። በስተርጅናቸው የጻፉት ትዝታ በ1965 ታትሟል። ጋሼ መጽሐፉን የተዋሱት ከኒልሰን ሄይስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህ ቤተ መጻሕፍት ሱራዎንግ መንገድ ላይ ነው፣ ከቤታችን በእግር ይደረሳል። በ1869 የአሜሪካና የእንግሊዝ ሴቶች ያቋቋሙት ማኅበር ነው፤ የአሁኑ ነጭ ሕንጻ የተሠራው በ1922 ነው። ዶክተር ሄይስ የተባሉት ሐኪም በሞት ለተለየቻቸው ሚስታቸው ለጄኒ መታሰቢያ እንዲሆን አሠሩት፣ ነዳፊው ጣሊያናዊው ማሪዮ ታማኞ ናቸው። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ የሚያዝያ ሙቀት ውጭ ይቀራል። ጋሼ ጥግ ካለችው ወንበር ላይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያንቀላፋሉ፤ ያንን ነው ማንበብ የሚሉት።

የቆንስሎቹ ሥልጣን ያበቃው በአንድ ቀን አይደለም። በ1909 እንግሊዝ ከዳኝነት መብቷ ከፊሉን ስትለቅ ሲያም በምትኩ ኬዳ፣ ኬላንታን፣ ቴሬንጋኑና ፔርሊስ የተባሉትን አራት የማላይ ግዛቶች አስረከበች። ዳኝነቷን በመሬት ገዛች ማለት ነው። አሜሪካ በ1920 ለቀቀች። ከዚያ ፍራንሲስ ሴይር የተባሉት አሜሪካዊ የሕግ ፕሮፌሰር የሲያም አማካሪ ሆነው አውሮፓን ዞረው መንግሥታቱን አንድ በአንድ አሳመኑ፤ የመጨረሻው ቅሪት የተወገደው በ1930ዎቹ መጨረሻ በተፈረሙት አዳዲስ ውሎች ነው። በእኔ ሚዛን ይህ ከማንኛውም የጦር ድል ይበልጣል። በትዕግሥትና በወረቀት የተገኘ ነው፣ አንድ ጥይት አልተተኮሰበትም።

አገሩ የራሱ ሆነ፣ ሕጉም ተጻፈ። የ1954ቱ የመሬት ሕግ የውጭ ሰው በውል ከተፈቀደለት በቀር መሬት እንዳይዝ ከለከለ፣ ዛሬ ደግሞ እንዲህ የሚፈቅድ ውል የለም። የ1979ኙ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ጊዜያዊ ነዋሪ ሁሉ በየ90 ቀኑ አድራሻውን እንዲያሳውቅ አዘዘ። የጋሼ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው፤ መሬታቸው የቀረው በእነዚህ ሕጎች መካከል ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈረንጅ ሌላ ዓይነት ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ኡዶን ታኒ፣ ኡቦን፣ ኮራት፣ ናኮን ፋኖምና ኡ ታፓኦ ላይ የአየር ሰፈሮች ነበሯት፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወታደሩ 50,000 ተጠግቶ ነበር። ከቬትናምም ለእረፍት እየተላኩ የሚመጡ ነበሩ። ፓታያ የዓሣ አጥማጅ መንደር ሆና የቀረችው እስከዚያ ድረስ ነው። ስለ ፓታያ ምሽቶች ብዙ ተወርቷል፣ ከበቂ በላይ፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ወታደሮቹ በ1976 ወጡ። አንዳንዶቹ ግን ጡረታቸው ሲደርስ በወጣትነታቸው ወደሚያውቋት ኡዶን ወይም ኮራት ተመለሱ፣ ያገቡም አሉ። ሚሲዮናዊና ቆንስል በኖረበት ዓይነት ቤት ሳይሆን በሚስታቸው መንደር ሩዝ ማሳ አጠገብ ነው የሰፈሩት።

በ1997 ጁላይ መግቢያ ላይ የታይላንድ ገንዘብ ባት ወደቀ። ያን ጊዜ ድረስ አንድ ዶላር በ25 ባት ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ ከ50 አለፈ። ለታዮች ሥራ ያጡበት፣ ባንክ የተዘጋበት መከራ ነው። አውሮፓ ውስጥ በጠባብ ጡረታ ለሚኖር ሽማግሌ ግን ገንዘቡ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ። ጋሼ የመጡት ያ ዘመን ገና ሳያልቅ ነው። ፓውንድ በ2000ዎቹ አጋማሽ 70 ባት ገደማ ያወጣ ነበር፤ በ2019 ወደ 40 ወርዷል። በዚያ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ታይላንድ ለሚኖር ጡረተኛው በየዓመቱ የሚጨመረውን አይጨምርም፤ ጡረታው ሲወጣ በነበረበት ላይ እንደቆመ ይኖራል። የሰፈራችን የባንግ ራክ ጆክ ዋጋ ግን አልቆመም።

ጡረተኛ ሆኖ ለመኖር ዕድሜ 50 መሙላት አለበት። ከዚያ ወይ 800,000 ባት ታይላንድ ባንክ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ ወይ በወር 65,000 ባት ገቢ ማሳየት። እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ኤምባሲ የገቢ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ አውስትራሊያና ዴንማርክ መጻፍ አቆሙ። ቆንስሉ ችሎት ከመቀመጥ ወርዶ ደብዳቤ መጻፍም ተወ እንግዲህ። ጋሼ ያላቸውን ሁሉ ሰብስበው 800,000ውን አስገቡ። ገንዘቡ ፈቃዱ ከመታደሱ ሁለት ወር በፊትና ከታደሰ በኋላ ሦስት ወር መነካት የለበትም፤ በተረፈው ጊዜም ከ400,000 በታች መውረድ አይችልም። ስለዚህ ሀብታም ናቸው፣ ግን አያዝዙበትም። የአየር ማቀዝቀዣቸው በተበላሸ ጊዜ የባንክ ደብተራቸው ውስጥ ያን ሁሉ ገንዘብ ይዘው በቬንቲሌተር ከረሙ።

የእድሳቱ ቀን ሲደርስ እኔም ለራሴ ጉዳይ ስለምሄድ አብረን እንወጣለን። ጋሼ ሸሚዛቸውን ይተኩሳሉ። በዋዜማው ባንክ ሄደው ደብተራቸውን ማሽኑ ውስጥ አስገብተው ሒሳቡን አሳትመውበታል፣ የባንኩንም ደብዳቤ ይዘዋል። ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ልጅ ነገሩን ከእሳቸው በላይ ታውቀዋለች፤ የፓስፖርቱን የትኛውን ገጽ፣ የትኛውን ማኅተም ሳትጠይቅ ታነሳለች። ከዚያ እያንዳንዷ ቅጠል ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይፈርማሉ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አንዱ ፊርማ ካንዱ አይገጥምም፣ ያ ነው የሚያስፈራቸው። ክፍያው 1,900 ባት ነው። ወረፋው ላይ ጀርመን፣ ስዊድን፣ አሜሪካን፣ እኔና አንድ ሱዳናዊ ተደርድረን እንቀመጣለን። ቁጥር ሲጠራ ሁሉም እኩል ይነሳል። የ1861ዱ ቆንስሎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እያልኩ ለብቻዬ እስቃለሁ፤ ለጋሼ ግን አልነግራቸውም። እኔ እንደ አበሻ ስፈርደው ታይላንድ ልክ ናት። የሰው አገር ሲኖሩ በሰው አገር ሕግ ነው። ሽማግሌው ግን ያሳዝኑኛል፤ ውሉን የተዋዋሉት እሳቸው አይደሉም።

ጋሼ ባንኮክ ከመግባታቸው በፊት ኢሳን በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ክፍል ቤት ሠርተው ነበር። ሚስታቸው ከኡዶን ታኒ አቅራቢያ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና። ከ1999 በፊት ፈረንጅ ያገባች ታይ መሬት መግዛት እንኳ ይከለከልባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚፈቀድላት ባልየው ገንዘቡ የእሷ የግሏ ነው፣ እኔ የለሁበትም ብሎ ሲፈርም ነው። ጋሼ ፈርመዋል። እሷ ስትሞት የውጭ አገር ባል መሬቱን ቢወርስ እንኳ ቢበዛ በአንድ ዓመት ውስጥ መሸጥ አለበት። ከልጆቿ ጋር ፍርድ ቤት ለመቆም ፊት አልነበራቸውም፤ ቤቱን ትተው ሁለት ሻንጣ ይዘው በሌሊት አውቶቡስ መጡ። ልጆቿ ዛሬም ለሶንግክራን በዓል ይደውሉላቸዋል፣ እሳቸውም ገንዘብ ይልካሉ። ቂም የለም።

ፈረንጅ በስሙ ሊይዝ የሚችለው ኮንዶሚኒየም ነው፤ እሱም የውጭ ሰዎች ድርሻ ከሕንጻው ጠቅላላ ስፋት 49 በመቶ እስካላለፈ ድረስ። ያንን የሚገዛ ገንዘብ ያለው ግን የባንግ ራክ አሮጌ ፎቅ ላይ አይከራይም።

ከአሜሪካም ሆነ ከአውሮፓ ጡረታችሁን እዚህ ለማሳለፍ የምታስቡ አበሾች መኖራችሁን አውቃለሁ፤ በስልክ የሚጠይቁኝ አሉ። ሕጉ የሚያየው ፓስፖርትና የባንክ ደብተር ነው፣ እና ከጋሼ የተለየ አያገኛችሁም። በጡረታ ፈቃድ የፈለጋችሁትን ያህል ብትኖሩ በየዓመቱ ማደስ እንጂ ቋሚ ነዋሪነት አይከተለውም። ሰው ሲሞት የባንክ ሒሳቡ ይታገዳል፤ ፍርድ ቤት አስፈጻሚ እስኪሾም ድረስ ያ 800,000 ለሬሳ ማቃጠያ እንኳ አይወጣም። ስለዚህ ኑዛዜያችሁን በታይኛ አስጽፉ፣ በሁለት ምስክር ፊት ፈርሙ፣ አስፈጻሚ የሚሆነውን ሰው ስም አስገቡበት። ጋሼ ባለፈው ዓመት አስጽፈዋል። ከምስክሮቹ አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላዋ ጆክ ሻጯ ናት።